እግሩ ድኗል የሚለው ማን ነው?

ልደታ ክፍለ ከተማ ውስጥ ስለ ተሰበረ እግር የሚነገርባቸው ሁለት ቤቶች አሉ። አንዱ በንጉሡ ዘመን በልዑል መኮንን ስም ተሠርቶ ኋላ ጥቁር አንበሳ የተባለው ሆስፒታል ነው፤ ከየክልሉ ሪፈር የተጻፈለት ከባድ ስብራት ብዙ ጊዜ መድረሻው እዚያ ነው። ሌላው የፌዴራል ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ነው። ጤነኛ እግር ያለው ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው ታክሲ አያስፈልገውም። በየትኛውም የሕክምና ተቋም ታክሞ «እግሬን አበላሹብኝ» የሚል ሰው ደግሞ፣ ነገሩ በሽምግልና ካላለቀ፣ መንገዱ ወደ ሁለተኛው ቤት ሊወስደው ይችላል።

እዚያ ሲደርስ የሚገለጠው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ ቁጥር 2031። ሐሳቡ ሲጠቀለል፣ ባለሙያ የሆነ ሰው የሙያውን ደንብ ጠብቆ መሥራት አለበት፤ በጥንቃቄ ጉድለት ወይም በቸልተኝነት ግልጽ ከሆነው የሳይንስ ዕውቀት ወይም በሙያው ዘንድ ተቀባይነት ካገኘው ደንብ ከወጣ ይጠየቃል ይላል። ሕጉ ብልህ ነው። ስለ ቁርጭምጭሚት፣ ስለ ጀሶ፣ ስለ ብረት አንድም ነገር አልተናገረም። ሕግ አውጪው የማያውቀውን አልዘባረቀም፤ ለሚያውቁት ተወው።

ለሚያውቁት ሲተውላቸው ግን የሆነ ቦታ ተቀምጠው ደንቡን እንደሚቀበሉ አስቦ ነው። የት ተቀመጡ? ማን ተናገረ፣ ማን ተቃወመ፣ ቃለ ጉባኤው የት አለ? ፍርድ ቤት ሁለት የአጥንት ሐኪሞችን ለሙያ ምስክርነት ቢጠራ፣ አንዱ እዚሁ አገር የሠለጠነ፣ ሌላው ሕንድ ወይም ደቡብ አፍሪካ ፌሎሺፕ ሠርቶ የተመለሰ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም እውነተኞች ናቸው። ሁለቱም የሚናገሩት ግን መምህራቸው ያሳዩዋቸውን ነው። የጋራ የተጻፈ ነገር በሌለበት ዳኛው የሚመዝኑት ደንቡን ሳይሆን የምስክሮቹን አንደበት ነው። ለእግርና ለቁርጭምጭሚት ቀዶ ሐኪሞች የሙያ ማኅበር ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለውን ክርክር እኔ የምጀምረው ከዚህ ባዶ ቦታ ነው።

ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት አገር የአጥንት ቀዶ ሐኪሞች ጥቂት ናቸው። የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ የኢትዮጵያ ኦርቶፔዲክስና ትራውማቶሎጂ ማኅበርም አለ፤ የምሥራቅ፣ የመካከለኛውና የደቡብ አፍሪካ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ በ1999 እ.ኤ.አ. ተመሥርቶ ኢትዮጵያን በአባልነት ይዟል። በዚህ ላይ ከጉልበት በታች ላለው ብቻ ሌላ ፕሬዚዳንት፣ ሌላ ማኅተም፣ ሌላ ዓመታዊ ጉባኤ በሆቴል አዳራሽ መጨመር ለሚሰማው ሰው ቅንጦት ይመስላል። አሜሪካኖቹ እንኳ የእግር ማኅበራቸውን በ1969 እ.ኤ.አ. ሲያቋቁሙ ቁርጭምጭሚት ስሙ ውስጥ አልነበረም፤ በኋላ ነው የተጨመረው። እነሱ ያን ጊዜ የነበራቸው የሐኪም ብዛት ለእኛ ዛሬም ሩቅ ነው።

ተቃውሞው ትክክል የሚሆነው ማኅበሩ ለአባላቱ ሲባል የሚቋቋም ከሆነ ነው። እኛ ማኅበርን በደንብ የምናውቀው በዕድር ነው። ዕድር ነገሩ ግልጽ ነው፤ ያዋጣ ሰው ሐዘን ሲገባው ድንኳኑ ይተከልለታል፣ ወንበሩ ይመጣለታል፣ ያላዋጣ አይጠይቅም። የሙያ ማኅበር ከዚህ ይለያል፤ መዋጮውን የሚከፍለው ሐኪሙ፣ ጥቅሙን ማግኘት ያለበት ግን አንድ ሳንቲም ያላዋጣው ሕመምተኛ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የሙያ ማኅበር ዓላማ ሊሆኑ የሚችሉትን ሲዘረዝር የአባላትን መብትና ጥቅም ማስጠበቅን፣ የሙያ ሥነ ምግባርን ማጎልበትን፣ የአባላትን አቅም መገንባትንና ሙያውን ለኅብረተሰቡና ለአገር ጥቅም ማዋልን አንድ ላይ አስቀምጧል። በወረቀት ላይ አራቱ ተስማምተው ተቀምጠዋል። አንድ አባል ያበላሸው እግር ጉባኤው ፊት የቀረበ ዕለት ግን የመጀመሪያውና ሁለተኛው ዓይን ለዓይን ይተያያሉ። ማኅበሩ ምን እንደሆነ የሚታወቀውም ያን ዕለት ነው።

ሕመምተኛው ለምን ራሱ አይፈርድም? እግሩ የሱ ነው፤ ሕመሙም የሱ ነው። እዚህ ላይ ቁርጭምጭሚትን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ከቅልጥም የሚወርዱት ሁለት አጥንቶች ጫፋቸው ላይ ግራና ቀኝ አቅፈው መቀመጫ ይሠራሉ፤ ታለስ የሚባለው አጥንት እዚያ መቀመጫ ውስጥ ይገባል። መላ ክብደታችን የሚያርፈው በዚህች ጠባብ መገናኛ ላይ ነው። ራምሲና ሃሚልተን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በ1976 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ታለስ ወደ ውጭ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢንሸራተት አጥንቶቹ የሚነካኩበት ስፋት በአማካይ 42 ከመቶ እንደሚቀንስ አሳዩ። አንድ ሚሊ ሜትር በራጅ ላይ ለመለየት የሠለጠነ ዓይን ይፈልጋል። ሕመምተኛው የሚያየው ሌላ ነው፤ ስፌቱ ደርቋል፣ ብረቱ ገብቷል፣ ጀሶው ተፈትቷል፣ በክራንች ወጥቶ ከጥቂት ወራት በኋላ ያለ ክራንች ይሄዳል። ሐኪሙን አመስግኖ አገሩ ይገባል። የተቀነሰችው ስፋት ዋጋዋን የምትጠይቀው ከዓመታት በኋላ፣ ልሙ አጥንት ተፍቆ ሲያልቅ ነው፤ ያን ጊዜ ካርዱ ጠፍቷል፣ ሐኪሙም ወይ ተቀይሯል ወይ አገር ለቋል። ሰውየው «ብርድ መታኝ» ይላል። ሐኪሙም «ያ ልጅ ደህና ወጣ» ብሎ ያስታውሰዋል።

ሁለቱም አልዋሹም። ሁለቱም ግን የሆነውን አያውቁም። እንግዲህ ሕክምናው ተሳክቷል ወይስ አልተሳካም የሚለው ጥያቄ በሁለቱ መካከል ብቻ መልስ አያገኝም፤ ሦስተኛ አካል፣ የሚቆጥርና የሚያስታውስ፣ ያስፈልጋል። መንግሥት ይህን ይሥራ የሚሉ አሉ። መንግሥት አልጋ ይቆጥራል፣ የታከመ ይቆጥራል፣ በጀት ይቆጥራል። የአንድ ሚሊ ሜትሯን ነገር የሚቆጥረው የሚያያት ሰው ብቻ ነው።

ሌላም አለ። ድንገተኛ ክፍል ገብቶ የቆመ ሰው የቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ እንዴት እንደሚከፋፈል ያውቃል። የዳሌ ስብራት፣ የጭን ስብራት፣ አጥንቱ ቆዳ ቀዶ የወጣ፣ አከርካሪው የተጎዳ ይቀድማሉ፤ መቅደማቸውም ልክ ነው፣ ነፍስ ከእግር ይበልጣል። የቁርጭምጭሚት ስብራት ይጠብቃል። ሲጠብቅ ያብጣል፣ ቆዳው ውኃ ይቋጥራል፣ እብጠቱ እስኪጎድል ሌላ ቀጠሮ ይሰጣል። ሦስት ሳምንት ሲሞላ አጥንቱ በተጣመመበት መያያዝ ጀምሯል። ማንም ሰው አልበደለም፤ እያንዳንዱ ውሳኔ በየቀኑ ትክክል ነበር። ድምሩ ነው የተሳሳተው። ለጭን አጥንት የሚከራከር ሁልጊዜ አለ፣ ምክንያቱም ጩኸቱ ከበር ይሰማል። ለቁርጭምጭሚት የሚከራከርለት ካልተደራጀ የለም። ሃያ ስድስት አጥንት ስላለው ብቻ እግር የራሱ ማኅበር አይገባውም፤ እጅም ሃያ ሰባት አለው። የሚገባው በሰልፉ ሁልጊዜ ኋላ ስለሚቆም ነው።

አሁን ወደ ዕውቀቱ ልለፍ። አዲስ አበባ ውስጥ የባሕር ዛፍ መወጣጫ በቆመበት ሁሉ ከላይ የሚወድቅ የቀን ሠራተኛ አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በተረከዙ ነው። የተረከዝ አጥንት ሲፈርስ እንደ ተረገጠ እንቁላል ነው፤ ቀዶ ሐኪሞች ለአሥርተ ዓመታት በሁለት ተከፍለው ነበር። አንዱ ወገን ይከፈት፣ ይገጣጠም፣ በብረት ይታሰር ይላል፤ ሌላው ይተው፣ እብጠቱ ይውረድ፣ ቶሎ ይንቀሳቀስ ይላል። ሁለቱም ወገን በደንብ የሄደ ሕመምተኛ ያስታውሳል። እንግሊዞቹ ይህን ክርክር በ22 ሆስፒታሎች የሚገኙ 151 ሕመምተኞችን በዕጣ ከፍለው መረመሩት። ውጤቱ በ2014 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ በሕመምም በመራመድም በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልታየም፣ ቀዶ የተደረገላቸው ግን ለቁስል ማመርቀዝና ለሌላ ችግር ይበልጥ ተጋልጠዋል። ጥናቱ ሁሉንም ዓይነት የተረከዝ ስብራት አልነካም፤ ቅርጹ እጅግ የተበላሸውንና ቁስል የከፈተውን ለብቻ ትቶታል። ቢሆንም ብረቱን ከውጭ ገዝቶ እንዲያመጣ ለሚታዘዝ ቤተሰብ ይህ ዜና በቀጥታ በኪስ የሚገባ ነው፤ ለተጨናነቀው ጠረጴዛም እንደዚሁ።

22 ሆስፒታል የሚለውን ልብ ይሏል። ከየሆስፒታሉ ሲካፈል ሰባት ሕመምተኛ እንኳ አይሞላም። አንድ ጎበዝ ሐኪም በአንድ ሆስፒታል ብቻውን ይህን መልስ አግኝቶ ለመጻፍ ዕድሜው አይበቃውም፤ ቢበቃው እንኳ በመሐል አስተያየቱ ተቀይሮ ሕመምተኞቹን በስሜቱ ይመርጣል። የአንድ ሰው ልምድ ብዙ ያስተምራል፣ ግን ራሱን አይፈትንም። የብዙዎችን ትዝታ ወደ ዕውቀት የሚቀይረው አስቀድሞ «እንዲህ እንመዝግብ፣ በዕጣ እንክፈል፣ ውጤቱ የኔን ሐሳብ ቢያፈርስም እናትመው» ብሎ የተስማማ ጉባኤ ነው። የማኅበር አንዱ ሥራ ይህ ስምምነት ነው፤ ስብሰባው፣ ሻዩና የምስክር ወረቀቱ የዚህ ማጀቢያ ናቸው።

እዚህ ደርሼ ክርክሬን ብዘጋ ማኅበርን የእውነት ባለቤት ያደረግሁት ይመስላል። አይደለም። ቆልማማ ሆኖ የተወለደ ሕፃን ታሪክ ይህን ያፈርሰዋል። በዓለም ላይ ከሺህ ሕፃናት አንዱ ወይም ከዚያ በለጥ ያለ ቁጥር እግሩ ወደ ውስጥ ተጠምዞ ይወለዳል። ከስፔኗ ሜኖርካ ደሴት ወጥቶ አሜሪካ አይዋ የተቀመጠው ኢግናሲዮ ፖንሴቲ ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሕፃኑን ሳይቀድ በየሳምንቱ እግሩን በእጁ ትንሽ እያቀና በጀሶ ያስር ነበር፤ አምስት ስድስት ጀሶ፣ ከዚያ በተረከዝ ጅማት ላይ አንዲት ትንሽ ብጣት፣ ከዚያ ጫማ የተገጠመበት ዘንግ ለሦስት ወር ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል፣ ቀጥሎ እስከ አራት ዓመት ድረስ በእንቅልፍ ሰዓት። አለቀ። የሙያው ታላላቆች ግን ለአሥርተ ዓመታት መቅደድን መረጡ፤ ጅማቱን መፍታት፣ መገጣጠሚያውን መክፈት። እነዚያ እግሮች በሕፃንነት ሲታዩ ያምሩ ነበር፤ ሲያድጉ ደረቁ፣ ያሙም ጀመር። በ1995 እ.ኤ.አ. ሠላሳ ዓመት ያህል የተከታተለ ጥናት የፖንሴቲን ሕመምተኞች ሲመረምር 78 ከመቶው ጥሩ ወይም በጣም ጥሩ እግር ነበራቸው፤ ሲወለዱ ምንም ችግር ያልነበረባቸው ሰዎች በዚያው መለኪያ 85 ከመቶ ነበሩ። ይህም ሆኖ መንገዱን በሰፊው የከፈተው የጉባኤ ውሳኔ ብቻ አይደለም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በኢንተርኔት የተገናኙ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ቀዶ ሕክምናውን እምቢ አሉ።

ይህ ለእኔ የዚህ ሐተታ ከባዱ ቦታ ነው። የተደራጁት ሐኪሞች ተሳስተው ያልተደራጁት እናቶች ትክክል ከሆኑ ማኅበሩ ምን ይፈይዳል? ወላጆቹን ብቻ መስማት በቂ ነው እንዳይባል ደግሞ ያው ኢንተርኔት ስንቱን ሕፃን ክትባት አስቀርቶበታል። ሁለቱን የሚለየው ወላጆቹ መጮኻቸው አይደለም፤ ከጩኸታቸው በስተጀርባ ፖንሴቲ ሳይጥል የያዘው ዝርዝር መኖሩ ነው። ሠላሳ ዓመት ካርድ ያልጣለ ሐኪም ባይኖር ጩኸታቸው ምኞት ሆኖ ይቀር ነበር። የማኅበር ሥልጣን ከአባላቱ ሊቅነት አይመነጭም፤ ስህተቱ የሚገለጥበትን መዝገብ ራሱ ከመያዙ ነው የሚመነጨው። መዝገብ የማይዝ ማኅበር የሚያወጣው መመሪያ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ትክክል መሆኑን ግን ማንም፣ ራሱም ጭምር፣ አያውቅም።

ለዚህ የአሜሪካኖቹ ማኅበር ጥሩ ምሳሌ ሰጥቷል። በ1994 እ.ኤ.አ. የታከመ ቁርጭምጭሚት ከመቶ ስንት እንደሚያገኝ የሚለካበት ነጥብ ወጣ፤ ለሕመም 40፣ ለሥራ 50፣ ለአጥንቱ መስመር 10። ነጥቡ ዓለምን ሞላ፤ ብዙ የእግር ጥናት በእሱ ተጻፈ። ኋላ ሌሎች ሲመረምሩት ሕመምተኛው የሚለውንና ሐኪሙ የሚያየውን እንደሚያደባልቅ፣ ልኬቱም እንደማይጸና ታየ። ማኅበሩ በ2011 እ.ኤ.አ. በራሱ ስም የሚጠራውን ነጥብ አትጠቀሙበት፣ የተፈተኑ ሌሎች አሉ አለ። ስምን አሳልፎ መስጠት ለሰውም ለድርጅትም ከባድ ነው፤ እኔ ማኅበሩን ከሠራው ሥራ ሁሉ በዚህ አከብረዋለሁ።

ነጥቡ ሌላ ነገርም ያስነሣል፤ እኛን ይበልጥ የሚነካው ይህኛው ነው። የዳነ እግር ምን የሚችል እግር ነው? የውጭዎቹ መጠይቆች ስንት ብሎክ ትሄዳለህ፣ ስፖርት ትሠራለህ፣ ደረጃ ትወጣለህ ይላሉ። ደረጃውስ ለልደታ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሊፍት የሌለው አራተኛ ፎቅ ላይ ጄሪካን ይዞ የሚወጣ ሰው ቁርጭምጭሚቱ በየቀኑ ይፈተናል። ቁጢጥ ብሎ መቀመጥን ግን ያ የ1994ቱ ነጥብ አይጠይቅም። ከቤት ውጭ ያለ ሽንት ቤት የሚጠቀም ሰው፣ ምድጃ ሥር ቁጭ ብላ ቡና የምታፈላ ሴት፣ ለአጨዳ ቁጢጥ የሚል ገበሬ ቁርጭምጭሚታቸው ወደ ፊት እስከ መጨረሻው መታጠፍ አለበት። ለለንደን ሕመምተኛ ጥቂት ዲግሪ መጉደሉ ብዙ አይደለም፤ ለእኛ ሰው ግን ጥቂቷ ዲግሪ ሽንት ቤት መግባትና አለመግባት ልትሆን ትችላለች።

ስግደትስ? በዐቢይ ጾም ተደጋግሞ የሚሰገድ ስግደት፣ በመስጊድ በተቀመጡ ቁጥር የቀኝ እግር ጣቶችን አጥፎ መቆየት፣ ሁለቱም ጥሩ ቁርጭምጭሚትና ጥሩ አውራ ጣት ይፈልጋሉ። ቁርጭምጭሚቱን በብረት ለዘለዓለም ማጋጠም ለታመመ መገጣጠሚያ የታወቀ መፍትሔ ነው፤ ሕመሙን ያጠፋል፣ መታጠፉንም አብሮ ይወስዳል። ለአንድ ሽማግሌ ይህን ቀዶ ሕክምና የሚያቀርብ ሐኪም «አባቴ፣ ሕመሙ ይተውዎታል፣ ስግደቱ ግን እንደ ድሮው አይሆንም» ማለት ይኖርበታል። ያ ካልተባለ በኋላ የሚሰማው ቅሬታ ፍርድ ቤት ባይደርስም ፍትሐዊ ነው። ይህን ጥያቄ በመጠይቅ ውስጥ የሚያስገባው እዚህ አገር የተቀመጠ ማኅበር ነው።

የስኳር ሕመምተኛውም እንዲሁ። ስኳር የነርቭን ስሜት ሲገድለው ሰውየው እሾህ መውጋቱን አያውቅም። በስኳር ምክንያት ከሚቆረጡ እግሮች 85 ከመቶ ገደማ የሚጀምሩት ከትንሽ ቁስል ነው ይባላል። የዓለም መመሪያ «በባዶ እግርህ አትራመድ፣ ቤትም ውስጥ ቢሆን» ይላል። እንግዲህ ግንቦት 1 በልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚቆመው ሕመምተኛ ጫማውን አውልቆ ነው የሚገባው፤ አታውልቅ ብትለው አይሰማህም፣ ባይሰማህም አልፈርድበትም። የሚሠራው ምክር ሌላ ነው፤ ወፍራም ንጹሕ ካልሲ፣ ምንጣፍ ያለበት ስፍራ፣ ሲመለስ ውስጥ እግርን በመስታወት ወይም በልጅ ዓይን ማየት። ለዚህ ካህናቱን አነጋግሮ አንድ ገጽ ጽሑፍ ማውጣት ለአንድ ማኅበር የአንድ ወር ሥራ ነው። ከብዙ የጉባኤ ንግግር ይልቅ እግር ያተርፋል።

እነዚህ ምሳሌዎች ቀስ በቀስ ከቀዶ ሕክምና ክፍል እያወጡኝ እንደሆነ አውቃለሁ። መውጣት ያለብን ይመስለኛል። በዚህ አገር ስለ እግር ከተሠሩት ትልልቅ ሥራዎች አንዱን የሠራው የስጋ ደዌ ሕሙማንን ያክም የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። ዝሆኔ የሚባለውን እብጠት ተከታትሎ፣ በሽታው ትንኝ ከምታመጣው የተለየና ቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው ለዓመታት ከሚሠሩ ገበሬዎች ጋር የሚሄድ መሆኑን አሳየ፤ ፖዶኮኒዮሲስ የሚለውን ስም የሰጠውም እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ጋር ደመረው። መከላከያው ጫማ፣ ውኃና ሳሙና ነው። ቢላ በእጁ የያዘ ሰው ቢላ የማያስፈልገውን እግር መፈለጉ ለሙያው ክብር ነው።

ወጌሻስ? ወለም ያለው ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው፤ ቅርብ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ያዳምጣል፣ ዘመድ ነው። በቅቤ ያሻል፣ በቀርከሃ ያስራል። ብዙው ይሻለዋል፤ ብዙው ባይታሽም ይሻለው ነበር። አደጋው ማሰሪያው ሲጠብቅ ነው፤ እግር ያብጣል፣ ደም ይቆማል፣ ጣቶቹ ይጠቁራሉ፣ ከዚያ ጋንግሪን ይሆንና ይቆረጣል። የሆስፒታል ሰዎች ወጌሻን ቢራገሙ ምክንያት አላቸው። ግን በ2005 እ.ኤ.አ. ዶክተር መኮንን እሸቴ በእንግሊዝ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና መጽሔት ያሳተሙት አጭር ጽሑፍ ከእርግማን የተሻለ ነገር አመላከተ፤ ለወጌሾች አጭር ሥልጠና ከተሰጠ በኋላ በጋንግሪን የሚቆረጠው ቁጥር ቀነሰ። ይህ የአንድ ሐኪም ተነሣሽነት ነበር። ተነሣሽነት ከሰውየው ጋር ይዛወራል፣ ይደክማል፣ ጡረታ ይወጣል። ሥልጠናው በየዓመቱ እንዲደገም የሚያደርገው ሰው ሲቀየር የማይቀየር አካል ነው።

ከዚህ ሁሉ ተነሥቼ ስለ ቅርጹ ያለኝን ልበል። ለብቻው ማኅተም ያለው፣ ለብቻው የተመዘገበ ማኅበር ዛሬ አይታየኝም። በኦርቶፔዲክስና ትራውማቶሎጂ ማኅበሩ ሥር የእግርና የቁርጭምጭሚት ክፍል ቢሆን ይበቃል። አባላቱ ግን ቀዶ ሐኪሞች ብቻ ባይሆኑ፤ ቆልማማ እግር በጀሶ የሚያቃናው ፊዚዮቴራፒስት፣ የሰው ሠራሽ እግርና የድጋፍ ጫማ ባለሙያው፣ የስኳር ክሊኒክ ነርሷ ድምፅ ቢኖራቸው። ይህን ሲሰሙ የሚቆጡ ሐኪሞች እንዳሉ አውቃለሁ፤ የሙያው ድንበር ይፈርሳል ይላሉ። ድንበሩ በቀዶ ሕክምና ክፍል በር ላይ ይቁም፤ እዚያ ማን ቢላ እንደሚይዝ አያከራክርም። የእግሩ ጉዳይ ግን ከዚያ በር በፊት ተጀምሮ ከዚያ በር በኋላ የሚያልቅ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ መመሪያ መጻፍ ይመስላል፤ ለፍርድ ቤቱ ባዶ ቦታ የሚያስፈልገው እሱ ነውና። እኔ ግን መዝገቡን አስቀድማለሁ፤ ያለ መዝገብ የሚጻፍ መመሪያ ከውጭ የተቀዳ ወይም ከአንጋፋዎቹ ትዝታ የተለቀመ ይሆናል፣ ዳኛው ፊትም «ተቀበልነው» ከማለት ያለፈ ምክንያት አይኖረውም። መዝገቡ ትንሽ ይሁን። አንድ ዓይነት ስብራት፣ የቁርጭምጭሚት። በገባ በስንት ቀን ቀዶ ተደረገ፣ ቁስሉ አመረቀዘ ወይ፣ በዓመቱ ቁጢጥ ማለት ይችላል ወይ። የመጨረሻው ጥያቄ ያስቸግራል፤ ሕመምተኛው ወሎ ወይም ጅማ ገብቷል፣ ለአንድ ጥያቄ ልደታ አይመለስም። ስልክ ግን ይደወልለታል፤ ስልክ ከሌለው የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ትጠይቀዋለች።

ለስልኩና ለመዝጋቢው የሚከፍል ይጠፋል ሲባል ቀድመው እጃቸውን የሚያወጡት ብረት አስመጪዎች መሆናቸው አይቀርም፤ በብዙ አገር የሆነው ይህ ነው። የተረከዙ ጥናት ብረቱ ለብዙው ሰው አላስፈለገም ያለውን ዓይነት ውጤት የአስመጪ ገንዘብ የሚይዘው መዝገብ ለማሳተም ይከብደዋል። ስለዚህ ለመጀመሪያው ዓመት በአባላት መዋጮ ብቻ፣ በአንድ ሆስፒታል፣ በአንድ ተረኛ መዝጋቢ ይጀመር። ቁጥሩ ያንሳል። በሁለተኛው ዓመት ባልቻ ሆስፒታልም፣ ጦር ኃይሎች ሆስፒታልም ይጨመራሉ፤ መዋጮው ካልበቃ የሆቴሉን አዳራሽ መተው ነው።